የተደፈነው ቱቦና የእናቴ ጎደሬ

ቱቦ ሲደፈን ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ቆሻሻውን አይደለም፤ ጥፋተኛውን ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ፣ እጄን እስከ ክርኔ ፍሳሽ ውስጥ ነክሬ የተማርኩት ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ንዴቱ ግን አላለፈም፤ እንዲያልፍልኝም ማንንም አልለመንኩም።

ያኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ብዙም ያልቆየሁ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ከሚዛን ወደ ማጂ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የቤንች መንደር ነው። ከመንደራችን ተምራ ከተማ ውስጥ በደመወዟ ቤት የተከራየች ሴት ከእኔ በፊት ስለመኖሯ አላውቅም። ስለዚህ ያቺ አንድ ክፍል ለእኔ ቤተ መንግሥት ነበረች።

ግቢው የእትዬ ዘውዲቱ ነው። ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው እዚያ የሰፈሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በሰፈሩ ዘንድ የተከበሩ ሴት ናቸው። በትልቁ ቤት እሳቸው ይኖራሉ። ከጎን ካሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዱ እኔ፣ በሌላው ወርቅነሽና ባሏ እንኖር ነበር። ወርቅነሽ ከጉራጌ አገር የመጣች፣ ባሏ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ሳቂታ ሴት ነበረች። ቅርበታችን ጨው እስከ መበዳደር ነበር።

ለሦስታችን ቤት ያለው አንድ ቧንቧ፣ አንድ የሲሚንቶ ማጠቢያና አንድ የፍሳሽ ቱቦ ነው። ቱቦው ከማጠቢያው ተነሥቶ በግቢው መሬት ሥር ያልፍና ጓሮ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ቤቱን እንደተከራየሁ የቱቦውን አፍ ሳየው ወለል ብሎ ተከፍቷል። የጣሳ ክዳን በምስማር በሳስቼ አለበስኩት። እትዬ ዘውዲቱ ሳምንት ሳይሞላ አንሥተው ጣሉት።

«ውኃውን ያዘገይብኛል» አሉኝ። «ቱቦ እንዲውጥ አይደል እንዴ የተሠራው?»

የእሳቸው ዘዴ ሌላ ነበር። ቱቦው ማዝገም ሲጀምር ውኃ አፍልተው ይለቁበታል። ቅባት የጠጣውን የወጥ ድስትም በፈላ ውኃ አለቅልቀው እዚያው ይደፉታል፤ የቡና አተላም ይጨምሩበታል፣ «አተላ ቱቦ ያጥባል» እያሉ። የፈላው ውኃ ሲወርድ ያዩታል፤ ደስ ይላቸዋል። የቀለጠው ስብ ከዓይን ርቆ፣ መሬት ሥር በርዶ እንደሚረጋ ግን ማንም ነገሬ አላለውም።

ክፉ ሴት ነበሩ ብዬ ላቀልለው አልችልም። በበዓል ድፎ ቆርሰው ይልኩልኛል። ሲያመኝ አጥሚት ሠርተው አጠጥተውኛል። አንዳንዴ ታዲያ ፀጉሬን እየዳሰሱ፣ «አልማዝዬ፣ አንቺ እኮ እንደነሱ አይደለሽም» ይሉኝ ነበር። መመረቃቸው ነው። «እነሱ» ማን እንደሆኑ ጠይቄያቸው አላውቅም። ምን ያስጠይቀኛል? «እነሱ» ማለት እናቴ ናት።

እናቴ ያን ሰሞን እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። አንድ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ሁለተኛውም በሞራ እየተሸፈነ፣ ሰውን በጥላው ብቻ የምትለይበት ደረጃ ላይ ደርሳለች። የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ከሚዛን አጠገብ አማን ወዳለው ሆስፒታል ይመጣሉ፣ የዓይን ሞራ ይገፍፋሉ ሲባል ስሰማ ሮጬ አስመዘገብኳት። መርምረው፣ «አንደኛው አብቅቶለታል፣ ይኼኛው ግን ይድናል። ሰኞ ጠዋት ይዘሻት ነይ» አሉኝ። ያን ቀን እናቴ ከአማን እስከ ሚዛን ስንመለስ ክንዴን ይዛ ስትስቅ ነበር። «መጀመሪያ የማየው ያንቺን ጥርስ ነው» አለችኝ። ልጅ ሆኜ የፊት ጥርሴ የተሸረፈው ከዛፍ ወድቄ ነው፤ ያን መሸረፉን ካየችው ስንት ዘመኗ።

እናም እስከ ሰኞ እኔ ክፍል ትቆያለች። የመጣችው ባዶ እጇን አይደለም፤ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ጎደሬ በጆንያ፣ ማር በቅል ይዛ ነው። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጣ ጎደሬውን በዳበሳ ትልጣለች። ልጣጩን የኮባ ቅጠል ላይ እያኖረች፣ ስትጨርስ ጠቅልላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ሄዳ ግቢው ጥግ ካለው ሙዝ ሥር ትቀብረዋለች። ማጠቢያው ጋ ደርሳ አታውቅም፤ መንገዱን አታየውማ! የእትዬ ዘውዲቱ ዶሮዎች ግን ሙዙ ሥር እየጫሩ የቀበረችውን ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ሚዛን የምታውቀውን ዝናብ ለቀቀችው። ከትምህርት ቤት ስገባ ግቢው ሐይቅ ሆኗል። ቱቦው አልውጥ ብሎ፣ የማጠቢያው እጣቢ ወደ ላይ ገንፍሎ፣ ግራጫ ውኃ እስከ እትዬ ዘውዲቱ በረንዳ ደርሷል። ሽታው አያድርስ ነው። እትዬ ዘውዲቱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በረንዳው ላይ ቆመዋል፣ ወርቅነሽም መጥረጊያ ይዛ ከጎናቸው። ውኃው ላይ አንድ የጎደሬ ልጣጭ ይንሳፈፋል።

«ይኸው!» አሉ እትዬ ዘውዲቱ በጣታቸው እያሳዩኝ። «ይኸው ጎደሬው! እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ግቢ ታይቶ አያውቅም። እሷ ከመጣች ወዲህ ነው!»

«እሷ» ያሉት እናቴን ነው። በዕድሜ እንደሚበልጧትም እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንቱ ብለዋት ግን አያውቁም።

«እትዬ፣ እናቴ ማጠቢያው ጋ ደርሳ አታውቅም እኮ» አልኳቸው። «ልጣጩን ሙዙ ሥር ነው የምትቀብረው። ዶሮዎቹ ናቸው ያወጡት።»

«ዶሮዎቼ ደግሞ ምን አደረጉሽ? እዚህ ተወልደው ያደጉ ናቸው።»

ወርቅነሽን አየኋት። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የእትዬ ዘውዲቱ የልጅ ልጅ ክርስትና ነበር፤ ሰንጋ ታርዷል። ያንን ሁሉ ብረት ድስት ከእሳቸው ጋር ያጠበችው ወርቅነሽ ናት። የቀለጠው ስብ በባልዲ ሲደፋ አጠገቡ ነበረች። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ወደ መጥረጊያዋ መለሰችና ውኃውን መግፋት ጀመረች።

«ስሚኝ አልማዝ» አሉ እትዬ ዘውዲቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እሑድ የማርያም ማኅበር እኔ ጋ ነው። ሰው ሁሉ ይመጣል። በዚህ ሽታ መሀል ልቀበላቸው? እናትሽን ነገ ወደ አገሯ ሸኚያት። ማኅበሬ ይለፍልኝና ከዚያ ታመጫታለሽ።»

«ቀጠሮዋ ሰኞ ነው እትዬ። ሰኞ ካለፈ ሐኪሞቹ ይሄዳሉ።»

«ለዓይን ደግሞ ምን አጣዳፊ አለው? ስንት ዓመት የጠበቀ ዓይን ነው። ካልሆነልሽ አንቺም አብረሻት ቤቴን ልቀቂልኝ፤ ምን ላድርግ ነው የምትዪኝ?»

እናቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ታዳምጣለች። ገብቼ ስቀመጥ በቤንችኛ፣ «ምን ትላለች ሴትዮዋ?» አለችኝ።

«ዝናቡ በዛ ነው የምትለው።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናቡም ስለ ሌላውም አልጠየቀችኝም።

እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ሐሳቤ አንድ ብቻ ነበር፤ ቱቦው ማኅበሩ ሳይደርስ ከተከፈተ፣ የደፈነውም ነገር ወጥቶ ከታየ፣ እናቴ እስከ ሰኞ እዚያች ክፍል ትቆያለች። ሰኞ ደግሞ ታያለች። ቅዳሜ ማለዳ የቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ወጣሁ፤ የማውቀው ሰው ቴፒ ለሥራ ሄዷል አሉኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ነበርና ዘበኛውን ለምኜ አንዱን ወሰድኩ። ከአንዱ ጎረቤት አጥር ደግሞ ረዘም ያለ የቀርከሃ ስንጥቅ አገኘሁ። ቀርከሃው እንደ ፌሮ ግትር አይደለም፤ ቱቦው ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል።

መጀመሪያ ከማጠቢያው በኩል ገፋሁ። ስገፋ ይባስ ተጠቀጠቀ። ብልሃቱ ከታች በኩል መምጣት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ የተወተፈ ነገር በገባበት አቅጣጫ ሲገፉት ይብሳል። ጓሮ ዞርኩ፤ አፈሩን ቆፍሬ ቱቦው ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባበትን ጫፍ አገኘሁት። ተንበርክኬ ቀርከሃውን ወደ ላይ ሰደድኩት፤ የፌሮውን ጫፍ ቆልምሜ እንደ መንጠቆ አደረግኩት። ዝናቡ እንደገና ካፊያ ጀመረ። ጭቃው ጉልበቴን ዋጠው።

እትዬ ዘውዲቱ ከጓሮው በር ብቅ እያሉ፣ «ቱቦውን እንዳትሰብሪብኝ!» ይሉኛል። ወርቅነሽ አንድ ጊዜ መጥታ አየችኝ፤ ልታግዘኝ ነው ብዬ ነበር፤ ልብሷን ከገመዱ ሰብስባ ተመለሰች።

በመሀል እናቴ ግድግዳውን እየዳበሰች እስከ ጓሮ መጣች። በጣሳ ውኃ ይዛለች።

«ጠጪ» አለችኝ። ጠጣሁ። እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰች፤ ጭቃ ነካት መሰለኝ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችኝ።

«ተይው በቃ» አለችኝ።

«ሊወጣ ነው እማዬ፤ ትንሽ ነው የቀረው። ሂጂ ግቢ፣ ዝናብ ይመታሻል።»

«እሺ» አለች። ተመልሳ ሄደች። እኔ ቀና ብዬም አላየኋት፤ መንጠቆው የሆነ ነገር ይዞልኝ ነበር።

ሲወጣ እንደ ጥይት ነው የጮኸው። መጀመሪያ አንድ የሰው ክንድ የሚያህል ነጭና ቢጫ ስብ ወጣ፤ ደርቆ ሳሙና መስሏል። የቱቦውን ቅርጽ እንደያዘ እጄ ላይ ተሰበረ። ውስጡ ሽፋን በሽፋን ነው፤ ስብ፣ የቡና አተላ፣ እንደገና ስብ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ድስት የሚታሽበት ቃጫ። ከኋላው የታመቀው ፍሳሽ ተንደቅድቆ ወረደ። ግቢው ውስጥ የቆመው ውኃ ሲሰርግ ድምፁ ይሰማኛል። ስቡን በጣቴ ፈረካከስኩት፤ እየፈረከስኩ ጎደሬ ፈለግኩ። አንድ ልጣጭ የለም። አንድም!

ያን ጉድ በሁለት እጄ ተሸክሜ እየሮጥኩ በረንዳው ፊት ሄድኩ። እትዬ ዘውዲቱ ወጡ፤ ወርቅነሽም ከበሯ ብቅ አለች።

«ይኸው እትዬ፤ ይኸው የደፈነው! የሰንጋው ስብ ነው፣ አተላው ነው። ጎደሬ የታለ? ያሳዩኝ፣ ጎደሬው የታለ?»

እትዬ ዘውዲቱ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው አዩት። ፊታቸው ቀላ። ቀጥሎ የተናገሩት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ይሁን እንግዲህ፣ ተከፈተ አይደል? ወዲያ ጣይልኝና ታጠቢ» አሉኝ። «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ።»

በቃ። ይኸው ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህም አልከፋኝም። አሸንፌያለሁ፤ እናቴ ትቆያለች። ስቡን እዚያው በረንዳው ሥር ጥዬ ወደ ክፍሌ ዞርኩ።

«እማዬ! ወጣ! ያንቺ አይደለም፣ ወጣ!»

ክፍሉ ባዶ ነው። የተኛችበት ሰሌን ተጠቅልሎ ግድግዳው ተደግፏል። ማሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። የጎደሬው ጆንያ የለም። የቀቀለችልኝ ጎደሬ በሣህን ተከድኖ ይተናል። ጠዋት የላጠችበትን ቦታ አየሁ፤ በሩ ሥር አንድ ልጣጭ አልቀረም። ወደ ሙዙ ሮጥኩ፤ አዲስ የተቆፈረ አፈር የለም። ያን ቀን ልጣጩን ግቢው ውስጥ አልቀበረችውም። ይዛው ሄዳለች።

እጄን ሳልታጠብ መናኸሪያ ሮጥኩ። ሰው ይሸሸኛል፤ ሽታዬ ነው። ጭነት የሚያስተናግድ አንድ ወጣት፣ «ዓይናቸው የማያይ ማዘር? አይሱዙ ላይ አሳፍሬአቸው ሄዱ። በኮባ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው፣ 'ከከተማ ስንወጣ ንገረኝ፣ እጥለዋለሁ' ሲሉኝ ነበር። ምን ነበር እሱ?» አለኝ። ወደዚያ የሚሄድ ሌላ መኪና እስከ ማግስቱ የለም። ያን ጊዜ ሞባይል የሚባል ነገር እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ እንዴት ብዬ ላስጠራት?

እሑድ ማለዳ በተገኘው መኪና ወጣሁ። ጭቃው መኪናውን መንገድ ላይ አስቀረው፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። እናቴ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣለች። እርምጃዬን ሰምታ፣ «አልማዝ» አለች፣ ማን ነው እንኳ ሳትል።

«ተነሺ፣ እንሂድ። ዛሬ ከወጣን ለነገ እንደርሳለን። ቱቦው ተከፍቷል፤ ያንቺ አልነበረም፤ በዓይናቸው አይተዋል።»

«የኔ እንዳልሆነማ አውቃለሁ» አለች። «እኔን ለማሳየት ነው እንዴ ጭቃ ውስጥ የዋልሽው?»

«እማዬ፣ ሴትዮዋ ያለችውን ማን ነገረሽ?»

«ገበያ ላይ ያን ሁሉ ዘመን ማር ስሸጥ የኖርኩት በምን ቋንቋ ይመስልሻል?»

አለቀስኩ። እግሯ ላይ ወደቅኩ። አጎቴን ጠርቼ አስለመንኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፀጉሬን ስትዳብስ ቆየችና፣ «እኔ ዓይን አግኝቼ አንቺ ቤት አጥተሽ ባይ፣ ምን አየሁ ይባላል?» አለችኝ። ሌላ ቤት እከራያለሁ አልኳት። «ሌላም ቤት ቱቦ አለው» አለች። ከዚያ ወዲያ አንዲት እርምጃ ላነቃንቃት አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት አማን ላይ ስሟ ሲጠራ አቤት ያለ የለም። ሐኪሞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። እንደገና እስኪመጡ ዓመታት አለፉ። ያን ጊዜ እኔም ባለትዳር ሆኜ፣ በባሌም በልጆቼም አስለምኜ ወሰድኳት። ሐኪሙ በመብራት አየና ዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት የዓይኑን ሥር ጎድቶታል፣ ቀድማ ብትመጣ ኖሮ አለ። «ቀድማ መጥታ ነበር» አልኩት። ነገሩ አልገባውም፤ ምን ይግባው!

እትዬ ዘውዲቱ ማኅበራቸው አማረላቸው። ኋላ እንደሰማሁት ለእንግዶቻቸው፣ «ግቢውን ያጸዳችልኝ ተከራዬ ናት፣ እንደ ልጄ ናት» ብለው አመስግነውኛል። በወሩ ቤቱን ለቀቅኩ። ዕቃዬን ስጠቀልል ወርቅነሽ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አልማዝ፣ ስቡ ሲደፋ አይቼ ነበር» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«እኔም ቆጮ ነው የምበላው። ጎደሬው ካልሆነ ቆጮው ነው እንዳይሉ ፈርቼ ነው።»

ዕቃዬን መጠቅለሌን ቀጠልኩ። እውነቷን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ በእውነቷ ልክ ነው የጠላኋት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ የራሴ ቤትና የራሴ ቱቦ አለኝ። ቤቴ የመጣ እንግዳ ይሥቅብኛል። የቱቦዬ አፍ ወንፊት አለው፤ በየቀኑ አነሣዋለሁ፣ አራግፋለሁ። ቅባት ያለው ድስት በወረቀት ወይም በአመድ ሳይጠረግ ውኃ አይነካም። የቡና አተላ አትክልት ሥር ነው የሚደፋው። የጣሪያ ውኃ ከማጠቢያው ቱቦ ጋር አይገናኝም። እናንተም እንዲሁ ብታደርጉ ቱቦአችሁ አይደፈንም፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው። ምናልባት ቢደፈን ግን፣ እለምናችኋለሁ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ቱቦውን ክፈቱት። የጠረጠራችሁት ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ እየሰማ ይሆናል። ቋንቋችሁንም ያውቃል ብላችሁ ከምታስቡት በላይ ያውቀዋል። የደፈነው ነገር እስኪወጣ እሱ ሄዶ ቢገኝስ? እኔ በእጄ ማስረጃ ይዤ ባዶ ክፍል አይቻለሁ።

እናቴ በሕይወት አለች። በየክረምቱ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ልጆቼን የምታውቃቸው በጭንቅላታቸው ነው፤ እጇን አናታቸው ላይ አድርጋ ማን ማን እንደሆነ ትናገራለች። የእኔን ጥርስ በጣቷ ነው የምትነካው። ጎደሬ ዛሬም ራሷ ትልጣለች፤ ከልጣጯ አንዱን የሚነካባት የለም።

ቤቷ ቧንቧ የለም፤ ማጠቢያ የለም፤ ቱቦ የሚባል ነገር በዚያ መንደር አልተቀበረም። ዙሪያዋ የገዛ ማሳዋ ነው፤ ልጣጩን የትም ብትበትነው አፈር ይበላዋል። እሷ ግን ልጣ ስትጨርስ ጎንበስ ትልና የተቀመጠችበትን መሬት በመዳፏ ዙሪያውን ትዳብሳለች። የቀረ ካለ ትለቅማለች። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ትላለች።

«እዪልኝ እስቲ፣ ወድቆ የቀረ አለ?» ትለኛለች።

«የለም እማዬ» እላታለሁ። «ምንም አልቀረም።»